ውሉ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦

«ለአምስት ዓመት በሆቴል ሪሴፕሽንና ሪሰርቬሽን ሠርቻለሁ። አሁን በአንድ ትልቅ የኦንላይን ጉዞ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አግኝቻለሁ። ውሉ ላይ ያለው ስም ግን የሌላ ኩባንያ ነው፤ ስጠይቃቸው ‹ለእነሱ የምንሠራው እኛ ነን› አሉኝ። ሥራው በፈረቃ ነው፤ ሌሊትም ቅዳሜና እሁድም አለው። ደመወዙ አሁን ከማገኘው ትንሽ ይሻላል። ጓደኞቼ በነፃ ትጓዣለሽ፣ በዓመት ውስጥ ወደ ቴክኖሎጂው ክፍል ትዛወሪያለሽ ይሉኛል። ከውስጥ ሲታይ ሥራው ምን ይመስላል? ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?»

ከውሉ ልጀምር። በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ መስመር ያለፉት ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ሥራውን የሰጠዎት የጉዞ ድርጅቱ አይደለም። የድርጅቱን ስልክ በኮንትራት የሚያነሳ ሌላ ኩባንያ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ በዘርፉ የተለመደ አሠራር ነው። ትልቁ የሆቴል ማስያዣ ገጽ ቡኪንግ ዶት ኮም እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 አብዛኞቹን የደንበኞች አገልግሎት ማዕከሎቹን ማጆረል ለተባለ ኩባንያ አስተላልፏል። ከ2,000 በላይ ሠራተኞችም አብረው ተዛውረዋል። የሚያነሱት ስልክ ያው ነበር፤ ቀጣሪያቸው ግን ተቀየረ።

ልዩነቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይታወቅዎትም። ሥልጠናው ላይ የጉዞ ድርጅቱ አርማ አለ፤ ስልክ ሲያነሱም የሚጠሩት የእሱን ስም ነው። ጊዜ ሲሄድ ግን ይገባዎታል። የድርጅቱ የውስጥ ክፍት የሥራ ቦታዎች ለእርስዎ አይታዩም። ማመልከት ቢፈልጉ እንደማንኛውም የውጭ ሰው ነው የሚቆጠሩት። ኮንትራቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ከዞረ ወይም ከተቀነሰ፣ እርስዎ ምንም ሳያጠፉ ወንበርዎ ይጠፋል። አሠሪዎ የሚከፈለው በጥሪ ብዛት ወይም በሥራ ሰዓት ስለሆነ ደግሞ፣ እያንዳንዷን ደቂቃዎን የሚቆጥርበት ምክንያት አለው።

እኔ በዚህ ዘርፍ 11 ዓመት ቆይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ከሆቴሎች ጋር ወደሚሠራው ክፍል ተዛወርኩ፤ አሁን አዲስ ገቢዎችን አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የምነግርዎት በሁለቱም ወንበር ተቀምጬ ያየሁትን ነው።

«የጉዞ ድርጅት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ብዙ ሰው ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዱ ጋር ሲገባ ስለ አገሮች፣ ስለ ሆቴሎች፣ ስለ ጉዞ ሲያወራ የሚውል ይመስለዋል። ኩባንያዎቹ ግን አንድም አልጋ የላቸውም። ያላቸው ዝርዝር፣ የክፍያ ሥርዓትና ማስታወቂያ ነው። ሌላው ትልቅ የኦንላይን ጉዞ ድርጅት ኤክስፔዲያ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ማይክሮሶፍት ውስጥ ነው። ቡኪንግም በዚያው ዓመት ኔዘርላንድስ ውስጥ ተጀመረ፤ በ2005 የአሜሪካው ፕራይስላይን ገዛው፤ እናት ኩባንያው ቡኪንግ ሆልዲንግስ የሚለውን ስም የያዘው በ2018 ነው። ይኸው ኩባንያ በ2019 ገቢው 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ውስጥ 4.4 ቢሊዮኑ የወጣው በዋናነት ጎግልንና ዋጋ አወዳዳሪ ገጾችን ለመሰሉ ቦታዎች በሚከፈል ማስታወቂያ ላይ ነው። ከ100 ዶላር 29ኙ ማለት ነው። ደንበኛን ወደ ገጹ ለማምጣት ይህን ያህል የሚከፍል ኩባንያ፣ ደንበኛው ከመጣ በኋላ ስልክ ለሚያነሳለት ሰው የሚያወጣውን ለመቀነስ ይሞክራል። የእርስዎ ውል በሌላ ስም የመጣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ደንበኛው ክፍሉን የያዘው በድርጅቱ ገጽ ነው፤ ክፍሉ ግን የሆቴሉ ነው። የመሰረዣ ደንቡን ያወጣው ሆቴሉ ነው። ገንዘቡ አንዳንዴ በቀጥታ ለሆቴሉ ይከፈላል፤ ድርጅቱ ኮሚሽኑን በኋላ ይጠይቃል። አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡን የሚቀበለው ድርጅቱ ነው፤ ለሆቴሉ በቨርቹዋል ካርድ፣ ማለትም ለዚያ ክፍያ በሚፈጠር የካርድ ቁጥር፣ ያስተላልፍለታል። ደንበኛው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። እሱ የሚያውቀው ገንዘቡ ከካርዱ መውጣቱን ነው። «ተመላሹ የታለ?» ብሎ ሲደውል ሆቴሉ «ገንዘቡ እኛ ጋ አይደለም፣ እነሱን ጠይቅ» ብሎት ሊሆን ይችላል። እርስዎ ደግሞ ያለ ሆቴሉ ፈቃድ መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ደንበኛውን መስመር ላይ አቆይተው ለሆቴሉ ይደውላሉ፤ ቅጣቱን እንዲተውለት ይለምናሉ። ሪሴፕሽን ሆነው ያንን ስልክ ስንት ጊዜ እንዳነሱ እርስዎ ያውቁታል። አሁን የሚለምኑት እርስዎ ይሆናሉ ማለት ነው።

አንድ ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ከሆቴል በር ላይ ደወለች። ሆቴሉ ከአቅሙ በላይ ተቀብሎ ክፍል አልቆበታል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በአቅራቢያው ተመጣጣኝ ክፍል ፈልግ፣ የዋጋ ልዩነቱን ድርጅቱ ይሸፍናል ይላል። እኔ በራሴ መፍቀድ የምችለው ገንዘብ ግን ጣሪያ ነበረው። የተገኘው ክፍል ከዚያ በላይ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሌሎች ስድስት ሰዎችን ይዟል። የሴትየዋ ስልክ ባትሪ እያለቀ ነው፤ ትንሹ ልጅ ሲያለቅስ ይሰማኛል። 47 ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ክፍሉ ተገኘ፤ አመስግናኝ ዘጋች። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት በደስታ ነበር። በሳምንቱ ግን ያ ጥሪ ሪፖርቴ ላይ ቀይ ምልክት ተደርጎበት መጣ። አማካይ የጥሪ ጊዜዬን አበላሽቶታል።

ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። የሚቆጣ ደንበኛ ይለመዳል፤ ሆቴል የሠራ ሰው ደግሞ ቀድሞውኑ ለምዶታል። የማይለመደው በሁለት ሚዛን መመዘኑ ነው። በአንድ በኩል ደንበኛው እንዲደሰት ይፈለጋል፤ ከጥሪው በኋላ መጠይቅ ይላክለታል፤ የሰጠው ነጥብ በእርስዎ ስም ይመዘገባል። በሌላ በኩል በአጭር ደቂቃ እንዲጨርሱ ይፈለጋል። ሦስተኛም አለ፤ በተመደበልዎት ደቂቃ ወንበርዎ ላይ መገኘትዎ። ሻይ ለመጠጣት ሦስት ደቂቃ ቢያልፍብዎ ይመዘገባል። ደንበኛው ሆቴሉ በፈጸመው ጥፋት ተቆጥቶ ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጥም የሚመዘገበው በእርስዎ ላይ ነው። ጥሩ አለቃ ይህን ያያል፤ ያስተካክልልዎታልም። ሁሉም አለቃ ግን እንዲህ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት አንድ ነገር ተጨምሯል። ቀላሉን ጥያቄ አሁን ቻትቦት ይመልሰዋል። ‹ቀኑን ልቀይር›፣ ‹ደረሰኝ ላኩልኝ› የሚለው ድሮ እረፍት የሚሰጠን ጥሪ ነበር። እነዚያ ሲወጡ ለሰው የቀረው ማሽኑ ያልፈታው፣ ደንበኛው ተበሳጭቶ የመጣበት ጉዳይ ብቻ ነው። የጥሪው ቁጥር ቢቀንስም እያንዳንዱ ጥሪ ከብዷል። ከሰባት ዓመት በፊት የሠራ ጓደኛ «ቀላል ነው» ቢልዎት አልዋሸም፤ የእሱ ጊዜ ሥራ ሌላ ስለነበር ነው።

ነፃ ጉዞ የሚባለውን ከጭንቅላትዎ ያውጡት። ሰዎች ይህን የሚያምታቱት ከአየር መንገድ ጋር ነው። የአየር መንገድ ሠራተኛ ወንበር ሲተርፍ በትንሽ ክፍያ መብረር ይችላል፤ ምክንያቱም ወንበሩ የቀጣሪው ነው። የኦንላይን ጉዞ ድርጅት ግን የሚሰጥዎት የራሱ ወንበርም አልጋም የለውም። በቀጥታ ለተቀጠሩት ቅናሽ ወይም በዓመት የተወሰነ የጉዞ ገንዘብ የሚሰጡ አሉ። በኮንትራት ኩባንያ በኩል ለገባ ሰው ያ ብዙ ጊዜ አይደርስም። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ለዕረፍት የሚወጣበት ወቅት ለእርስዎ ስልክ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ የዓመት ፈቃድ የሚከለከለውም ያኔ ነው። ቅናሹን ቢያገኙ እንኳ የሚጠቀሙበት ማንም በማይጓዝበት ወር ይሆናል።

ወደ ቴክኖሎጂው ክፍል መዛወር የሚባለውስ? አለ፤ አይቻለሁ። በዓመት ውስጥ ግን አይደለም፤ ከስልክ ወንበር በቀጥታም አይደለም። እኔ ያየኋቸው ሰዎች መጀመሪያ የጥሪ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ ወይም የክፍያና የማጭበርበር መከላከያ ክፍል ሠራተኛ፣ ወይም የሠራተኞችን መመሪያ የሚጽፉ ሆኑ። ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተው፣ ማታ ማታ ዳታ ወይም ፕሮግራሚንግ ተምረው ነው የተሻገሩት። ሁሉም በድርጅቱ በቀጥታ የተቀጠሩ ነበሩ። በእርስዎ ውል ያ በር ዝግ ነው ባልልም፣ በሩ ያለው ሌላ ሕንፃ ላይ ነው።

ስለዚያ ክፍልም የተሳሳተ ምስል አይኑርዎ። በእነዚህ ኩባንያዎች የቴክኖሎጂና የፕሮዳክት ሥራ የሚመራው በሙከራ ነው። ለግማሹ ጎብኚ አሮጌው ገጽ ይታያል፣ ለግማሹ አዲሱ፤ ክፍል የያዘ ሰው የበዛው በየትኛው ነው ተብሎ ይቆጠራል። ቡኪንግ ዶት ኮም በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን እንደሚያካሂድ ይታወቃል። አብዛኞቹ ምንም ጥቅም ሳያሳዩ ይቀራሉ። ይህ ደስ የሚል ጎን አለው፤ ትናንት የገባ ልጅ ሐሳብ ቁጥሩ ከደገፈው የዳይሬክተሩን ያሸንፋል። ወር ሙሉ የለፉበት ነገር በአንድ ሪፖርት ሲጣል ግን ልብ ይሰብራል። ቁጥር ብቻውን ሲመራ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል»፣ «አሁን አምስት ሰው እያየው ነው» የሚሉት መልእክቶች የመጡት ከዚህ አሠራር ነው። ክፍል የሚይዘውን ሰው ያበዙ ነበር፤ ደንበኛውን ግን ያጣድፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የብሪታንያ የገበያ ውድድር ባለሥልጣንና የአውሮፓ ኮሚሽን ጣልቃ ገብተው ኩባንያዎቹ አቀራረባቸውን ለማስተካከል ቃል ገብተዋል። እኛ ስልክ ላይ የነበርነው ግን ከዚያ በፊትም እናውቀው ነበር። ተጣድፎ የያዘ ሰው ነው ሲነጋ «ሰርዙልኝ» ብሎ የሚደውለው።

ስለ ዋስትናም ልንገርዎት። ጉዞ ሲቆም ይህ ዘርፍ በአንድ ሌሊት ነው የሚወድቀው። እ.ኤ.አ. በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ የቡኪንግ ሆልዲንግስ ገቢ ከ15 ቢሊዮን ወደ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ወረደ። ቡኪንግ ዶት ኮም እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሱ ሠራተኞቹን እንደሚቀንስ አስታወቀ። የግል ቤቶችን ለእንግዳ የሚያከራየው ገጽ ኤርቢኤንቢ 1,900 ገደማ አሰናበተ፤ ያም ከሠራተኛው ሩብ ያህል ነበር። ከውጭ የሚያይ ሰው ያኔ ስልኩ ጸጥ ያለ ይመስለዋል። የሆነው ተቃራኒው ነው። መላው ዓለም በአንድ ሳምንት ተመላሽ ጠየቀ። ወረፋው ሰዓታት ፈጀ። ይሰናበቱ ይቆዩ እንደሆን የማያውቁ ሰዎች፣ ለቅሶና ስድብ ሲሰሙ ይውሉ ነበር። አብረውኝ ከነበሩት ውስጥ ድምፃቸው የተዘጋ፣ እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። ዘርፉ ከዚያ ወዲህ በደንብ አገግሟል፤ ገቢውም ከቀድሞው አልፏል። ቢሆንም እዚህ የሚገባ ሰው የጥቂት ወር ወጪውን አስቀምጦ ቢገባ ይሻለዋል።

እስካሁን ያልጠየቁኝን መንገድ ላንሳ፤ ለእርስዎ የሚስማማው እሱ ይመስለኛል። እነዚህ ኩባንያዎች ከደንበኞች አገልግሎት ሌላ ከሆቴሎች ጋር የሚሠራ ክፍል አላቸው። አዲስ ሆቴል ያስገባሉ፤ ፎቶና መግለጫ ያስተካክላሉ፤ ዋጋውና ክፍት ክፍሉ በትክክል እንዲታይ ይረዳሉ፤ የኮሚሽን ደረሰኝ ላይ ክርክር ሲነሳ ይዳኛሉ። እዚያ የሚሠራ ሰው ሆቴል ውስጥ የዋለ ቢሆን በወርቅ ይመዘናል። አዲስ ገቢዎችን ሳሠለጥን ሦስት ሳምንት የሚፈጅብኝ እርስዎ አሁን የሚያውቁትን ማስተማር ነው። ኤክስትራኔት (ሆቴሉ ዋጋውንና ክፍሉን የሚያስገባበት የድርጅቱ ገጽ) ምን እንደሆነ፣ ቻናል ማናጀር (ክፍት ክፍሎችን በሁሉም ገጾች ላይ እኩል የሚያድስ ፕሮግራም) ሲበላሽ ለምን አንድ ክፍል ሁለቴ እንደሚሸጥ፣ እንግዳ አለመምጣቱ በሰዓቱ ካልተመዘገበ ሆቴሉ ለምን ኮሚሽን እንደሚጠየቅ። ይህን በስላይድ ማስተማር አስቸጋሪ ነው። ሌሊት ላይ እንግዳ ፊቱ ቆሞ ያየው ሰው ግን አይረሳውም።

ያም ሥራ እንከን የለውም አልልም። ግብ ይሰጥዎታል። ሆቴሉ ተጨማሪ ቅናሽ እንዲሰጥ፣ በዝርዝሩ ከፍ ብሎ ለመታየት ተጨማሪ ኮሚሽን እንዲከፍል እንዲያሳምኑ ይጠበቃል። ኮሚሽኑ ብዙ ጊዜ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፤ ለትንሽ ሆቴል ይህ ቀላል አይደለም። ባለቤቱ «ከእናንተ ተርፎኝ ነው የምኖረው?» ሲልዎት መልስ ያጥርዎታል። ሕጉም እየተለወጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ቡኪንግን በዲጂታል ገበያ ሕጉ ሥር ልዩ ግዴታ ካለባቸው ኩባንያዎች መድቦታል። ከዚያ ወዲህ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ሆቴሎች በራሳቸው ገጽ ዋጋ እንዳይቀንሱ ማስገደድ አይችልም። በዚህ ክፍል የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ለውጥ መከታተል አለበት። እርስዎ ግን የሆቴሉንም ወገን ስለሚያውቁ ክርክሩን በቅንነት መምራት ይችላሉ። ይህ ክፍል በብዛት የሚቀጥረው በቀጥታ ነው፤ ሰዓቱም ከሞላ ጎደል የቢሮ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ይህን ውል አይፈርሙ። ለትንሽ የደመወዝ ልዩነት ብለው የአምስት ዓመት ልምድዎን ማንም ወደማይቆጥርበት ወንበር አይውሰዱት። አሁን ያለዎትን ሥራ ይዘው በሆቴል አጋሮች ክፍል ለሚወጡ ቦታዎች በቀጥታ ያመልክቱ። ስድስት ወር ቢፈጅም ይታገሡ። ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ የአሁኑ ሥራዎ ሊቋረጥብዎ ከሆነና ገቢ የግድ ካስፈለገዎት። ያኔ ይግቡ፤ ግን ለራስዎ 18 ወር ገደብ ይስጡ፤ ከገቡበት ቀን ጀምሮም ወደ ሌላው ክፍል ማመልከትዎን አያቁሙ።

ከገቡ ከመፈረምዎ በፊት የሚጠይቁት አለ። ከደመወዙ ምን ያህሉ ቋሚ ነው፣ ምን ያህሉ ከነጥብ ጋር የተያያዘ ቦነስ ነው? የሌሊትና የበዓል ክፍያ አለው? የሥልጠናው ጊዜ ይከፈላል ወይ? በተለይ «ከዓመት በፊት ከለቀቅሽ የሥልጠናውን ወጪ ትመልሻለሽ» የሚል አንቀጽ ካለ በጥንቃቄ ያንብቡት። በራስዎ ፈቃድ መፍቀድ የሚችሉት የገንዘብ ጣሪያ ስንት እንደሆነም ይጠይቁ። ጠያቂው ግራ ከተጋባ ያ ራሱ መልስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፈቃድ ሲጠብቁ ይውላሉ ማለት ነው። ፈረቃው በየሳምንቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ለእንቅልፍዎ አደገኛ ነው፤ በወር የሚለወጥ እንዲሆን ይደራደሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለእርስዎም ለሌሎች አንባቢዎችም። በእነዚህ ትልልቅ የጉዞ ድርጅቶች ስም የሚላኩ የሐሰት የሥራ ቅጥሮች በጣም በዝተዋል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ይመጣሉ። «ሆቴሎችን ደረጃ እየሰጣችሁ ገንዘብ ታገኛላችሁ» ይላሉ፤ መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላሉ፤ ከዚያ «ለመቀጠል ይህን ያህል አስገቡ» ይላሉ። የገባው ገንዘብ አይመለስም። እውነተኛ ቀጣሪ ሥራ ለመስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። ለእርስዎ ውል የሰጠው ኩባንያም በእርግጥ ከጉዞ ድርጅቱ ጋር የሚሠራ መሆኑን ፓስፖርትዎን ከመላክዎ በፊት ያጣሩ። ሥራው የተላከበት ኢሜይል አድራሻ የኩባንያው መሆኑን ይመልከቱ፤ በኩባንያው ዋና ገጽ ላይ ያለውን ስልክ ደውለው ይጠይቁ።

ለሆቴል አጋሮች ክፍል ሲያመለክቱ «ጉዞ እወዳለሁ» ብለው አይጀምሩ። ሁሉም አመልካች የሚጽፈው እሱን ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ ስንት ክፍል ባለው ሆቴል እንደሠሩ፣ ኤክስትራኔቱን ስንት ዓመት እንደተጠቀሙ፣ አንድ ኦቨርቡኪንግ (ከክፍሉ በላይ እንግዳ መቀበል) በእጅዎ ላይ ወድቆ እንዴት እንደፈቱት ይጻፉ። እኔ ማመልከቻ ሳነብ ቆም የምለው እዚያ ላይ ነው።